የሰማንያ ሳንቲ ሜትሩ መሐንዲስ

አርባ ምንጭ ላይ፣ ሲቀላ ብትወርዱ ሴቻ ብትወጡ፣ እኔን «ኢንጂነር» የማይለኝ ሰው አታገኙም። አበጋዝ የሚለውን ስሜን የሚያውቁት ሚስቴና የቀበሌው መዝገብ ብቻ ናቸው። እኔም አቤት እላለሁ፤ ምን ላድርግ? ሰው መንገድ ላይ ሲጠራህ «ቆይማ፣ ኢንጂነርነቴ እንዴት እንደጀመረ ልንገርህ» አይባልም። ዛሬ ግን ልናገረው ነው። ሰምቶ ሲያበቃም ኢንጂነር የሚለኝ ካለ መብቱ ነው።

የውሃው ትምህርት ቤት አርባ ምንጭ ላይ በሩን የከፈተው በ1979 ዓ.ም. ሲሆን እኔም ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዱ ነበርኩ። የአዲስ አበባው፣ የጎንደሩ፣ የሐረሩ ልጅ ሙቀቱንና ትንኙን ሲራገም እኔ «ምን ትላላችሁ፣ ይሄ እኮ አገሬ ነው!» እያልኩ ደረቴን እነፋለሁ። ውሸቴን ነው። የኔ አገር ከላይ ነው፣ ኦቾሎ፣ ነፋሱ ጋቢ የሚያስደርብበት ሸንተረር ላይ። ከመኝታ ክፍላችን ወባ መጀመሪያ የጣለችው ማንን መሰላችሁ? የአገሩን ልጅ። የሐረሩ ልጅ ነው በጀርባው አዝሎ ክሊኒክ ያደረሰኝ።

ኦቾሎን ለማያውቅ፦ ሰዉ የሰፈረው ዓባያ ሐይቅን ቁልቁል እያየ ዓለት ጫፍ ላይ ነው። ሐይቁ ሙሉ ውሃ ከእግርህ ሥር ተኝቷል፤ አንተ ግን የምትጠጣው የለህም። ሴቶቹ እንስራ አዝለው ገደሉን ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። እናቴ ልክነሽ አንድ እንስራ ለማምጣት ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር፤ ጉልበቷም በዚያው አለቀ። እንግዲህ ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ በ1981፣ ለመመረቂያ የመስክ ሥራ ቦታ ምረጡ ስንባል ለመምህራችን ለአቶ ብርሃነመስቀል «ኦቾሎ ይሰጠኝ» አልኳቸው። ለእናቴ ጉልበት አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሌቭል በሚባለው የከፍታ መለኪያ መነጽርና በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ታጅቤ በመንደሬ መሃል ለማለፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንደራችን ማዶ፣ ሌላኛው ተራራ ወገብ ላይ አንድ ምንጭ አለ። በዓይን ሲታይ ከመንደሩ እኩል ይመስላል። በጥቂቱም ቢሆን ከፍ ካለ ውሃው በቧንቧ ራሱ ወርዶ፣ ራሱ ወጥቶ መንደር ይገባል፤ ዝቅ ካለ አይገባም። ያ ነው ሳይንሱ። ቧንቧውን አንድ የእርዳታ ድርጅት ሰጥቷል፤ ቁፋሮውን ገበሬ ማኅበሩ ይችላል። የኔ ድርሻ አንዲት ጥያቄ መመለስ ነበር፦ ማን ይበልጣል፣ ምንጩ ወይስ መንደሩ?

ለመለካት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ በሌቭሉ መነጽር ያያል፤ ሌላው ስታፍ የሚባለውን ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ይዞ ይቆማል። የሚያየው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን! ዘንጉን እንዲይዙልኝ ጎረቤታችንን ጋሼ ደበሌን ለመንኩ። ጋሼ ደበሌ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ልጃቸው ዳልጮ የኔ እኩያ፣ የክፍል ጓደኛዬም ነበር፤ በሂሳብ ደግሞ ሁልጊዜ ይበልጠኝ ነበር። በ1978 ለብሔራዊ ውትድርና ከመንደራችን አንድ ሰው ሲጠየቅ ዕጣ ወጣበትና ሰሜን ዘመተ። ዓመት ከመንፈቅ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጠፋ።

የዚያን ጊዜው ሌቭል ሰውን ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ምንጩ ዘንድ ያሉትን ጋሼ ደበሌን አነጣጥሬ ሳይ ከእንሰት ቅጠል መሃል የሚታየኝ የዘንጉ ቁራጭና የተገለበጡ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። እግራቸው አይታይም። ሄጄ ላያቸው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን መሃሉ ላይ እሾህና ጭቃ ያለበት ቁልቁለት አለ፣ እኔም አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። «ጎበዝ ጋሼ! እንዲያ ይዘው ይቁሙ!» ብዬ ከማዶ ጮህኩ። ቁጥሩን ጻፍኩ። ሲሰላ ምንጩ ከመንደሩ በሰማንያ ሳንቲ ሜትር በለጠ።

አርባ ምንጭ ወርጄ ደብተሬን ለአቶ ብርሃነመስቀል አሳየሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። «ልዩነቱ ጠባብ ነው» አሉ። «ተመለስና ድጋሚ ለካ። ምንጩ ላይ ዘንጉ መሬት መንካቱን ራስህ ቆመህ እይ።»

ተመለስኩ። ወደ ምንጩ ግን አልሄድኩም። አንድ ዋንዛ ሥር ቁጭ ብዬ ቆጮ በዳጣ እየበላሁ፣ የድጋሚውን ልኬት ከራሴ አውጥቼ ጻፍኩት። በጣም ትክክል እንዳይመስል ሆን ብዬ አንዱን በአምስት ሚሊ ሜትር አዛነፍኩት። እንዲህ ያለ ብልሃት ለሌላ ነገር ቢውል የት በደረስኩ! አቶ ብርሃነመስቀል አምነው ፈረሙ።

ከዚያ ቁፋሮው ተጀመረ። ሁለት ወር ሙሉ መንደሩ በተራ በተራ ዓለት ፈለጠ። አባቴ ኦይታ ሸማኔ ነው፤ የሸማኔ መዳፍ ደግሞ ልስልስ ነው። ሽመናውን ትቶ ዶማ ያዘና እጁ ቆሳሰለ። ሴቶች ድንጋይ ተሸከሙ። እኔ እርሳስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እየተንጎራደድኩ «ትንሽ ወደ ግራ!» እላለሁ። ለምን ወደ ግራ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ኢንጂነር ዝም ካለ ሰው ይንቀዋል ብዬ ነው።

የምርቃቱ ዕለት ከአውራጃ ካድሬ መጣ። ስለ አብዮቱና ስለ ንጹህ ውሃ አንድ ሰዓት ተናገረ። ሰዉ በፀሐይ ቆሞ አጨበጨበ። እናቴ አዲስ እንስራዋን ይዛ ከሴቶቹ ፊት ቆማለች። ካድሬው ቧንቧውን ከፈተው።

ፍስስስ አለ።

አየር ነው። ትንሽ ጠበቅን። እንደገና ፍስስ አለና ዝም አለ። እኔ «አየሩ እስኪወጣ ነው፣ አየሩ እስኪወጣ ነው» እላለሁ። አየሩ ወጥቶ አለቀ፤ ውሃ የለም። እናቴ እንስራዋን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ካድሬው ሰዓቱን አየና «ጓዶች፣ ይህ አሻጥር ከሆነ ይጣራል። በሳምንቱ እመለሳለሁ» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትለዋ ቃል ሰው ታስበላ ነበር።

በማግስቱ በቁልቁለቱ ወርጄ ምንጩ ዘንድ ሄድኩ፤ ጫማዬን ምን ቸገረኝ። ጋሼ ደበሌን ይዤ ነው የሄድኩት። «ያን ቀን ዘንጉን እንዴት እንደያዙት ያሳዩኝ» አልኳቸው። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት አነሱና ጫፉን እመቀነታቸው ላይ አስደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ላይ ባንዲራ እንደሚይዝ ሰው። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል።

«ለምን መሬት አላስነኩትም?» አልኩ።

«የዘንጉ ጫፍ ብረት ነው። ብረት በምንጭ ዓይን ላይ ይተከላል እንዴ? ጎሜ ነው!» አሉኝ። ከዚያ በመገረም አዩኝ። «አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም?»

ነኝ። ጎሜ ማለት የአገር ነውር፣ ቢነኩት መዓት የሚያመጣ ነገር መሆኑን ጡት ሳልጥል ነው የማውቀው። ኦቾሎ ውስጥ ብረት ምንጭ ላይ እንደማይተከል የማያውቅ ሕፃን የለም። የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው ኢንጂነሩ። ከሰማንያው ላይ መቶ ሳንቲ ሜትር ስትቀንሱ ምንጩ ከመንደሩ ሃያ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ውሃው ትክክል ነበር። ተሳስቶ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ይሄኔ ወንድ ቢሆን ኖሮ መንደር ወጥቶ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይል ነበር። እኔ ግን አሰላሁ። የፈጠራ ልኬት መጻፌ ከታወቀ እባረራለሁ፤ የተባረረ ተማሪ ቀጥታ ወደ ማሰልጠኛ ነው፣ ከማሰልጠኛው ወደ ሰሜን። ጋሼ ደበሌን «ይሄን ለማንም አይንገሩ፤ በአሻጥር ይከሱዎታል» አልኳቸው። አያችሁ? ለእሳቸው ያዘንኩ መሰልኩ። እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው መረቁኝ።

በሦስተኛው ቀን ገና ፀሐይ ሳትወጣ ሽማግሌዎቹ አገሩን ዱቡሻ ጠሩ። ዱቡሻ ማለት አገር ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የሚታረቅበት ሜዳ ነው። በዚያ ጊዜ መንግሥት «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ ከልክሎት ስለነበር ነው በማለዳ የሆነው። የአገሩ ሀላቃ፣ የሸንጎው መሪ፣ ተነስቶ «ውሃው ከመንገድ ተመልሷል። ከእኛ መሃል ጎሜ ያለበት ሰው አለ። ይናገር፣ ይፍታን» አለ።

እኔ ጥግ ተቀምጬ በሆዴ ሳቅሁ። ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኛ!

አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ። አንዱ የወሰን ድንጋይ በአንድ ክንድ መግፋቱን ተናገረ። ሌላው ከወንድሙ ሚስት ጋር ተጣልቶ ክፉ መማሉን ተናገረ። የሙሉ ወንጌል አማኝ የሆነው ወንጌላዊ ተነሳና «እኔ ኃጢአቴን ለጌታ ተናግሬ ጨርሻለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆየና እንደገና ተነሳ። «የጎረቤቴን እንሰት አምና ጃርት በላው ብዬ ነበር። ጃርቱ እኔ ነኝ» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ከልቤ ሳቅሁ።

ሳቁ ሳይበርድ አባቴ ተነሳ።

አባቴ በሰው ፊት የሚናገር ሰው አልነበረም። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። «ለዘመቻ ዕጣ ስናወጣ ቅሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አለ። «ኦይታ አይዋሽም ብላችሁ ነው የሰጣችሁኝ። ሰባት አባቶች የልጆቻችንን ስም በብጣሽ ወረቀት አስጽፈን ቅሉ ውስጥ ጣልን። እኔ አልጣልኩም። በጣቶቼ መሃል ያዝኩትና ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት። ዕጣው የወጣው በስድስት ልጆች ላይ ነው። የደበሌ ዳልጮ ወጣ። ውሃው የተመለሰው በኔ ነው።»

ፊቴን እሳት በላው። ተነስቼ ጮህኩ፣ «አባዬ፣ ዝም በል! ያንተ አይደለም! እኔ ነኝ! ልኬቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ!» ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ የዘንጉን፣ የዋንዛውን ሥር፣ የፈጠራውን ቁጥር፣ ጋሼ ደበሌን ማስፈራራቴን። ሦስት ቀን አንቄ የያዝኩት ወሬ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ምን ዋጋ አለው! አባቴ አንዴ ተናግሯል። ከሦስት ቀን በፊት አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ዱቡሻም አይጠራ፣ አባቴም አይነሳ ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ እኔ ደግሞ ያልፈሰሰውንም አላፈስኩም።

አባቴ ለምለም ሣር ነቅሎ በሁለት እጁ ይዞ ጋሼ ደበሌ እግር ሥር ተንበረከከ። በእኛ አገር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ አይሉም። ጋሼ ደበሌ ሣሩን አልተቀበሉም። አባቴን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩኝ።

«ልክ ለክተህ ቢሆን ኖሮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ውሃዬን እየጠጣሁ፣ አባትህን እየመረቅሁ እሞት ነበር።» ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አባቴ ሣሩን እንደያዘ ቀረ።

ያን ዕለት በእግሬ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ለአቶ ብርሃነመስቀል ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔም ሳላይ ፈርሜያለሁ» ብለው ለአውራጃው «የሙያ ስህተት እንጂ አሻጥር አይደለም» የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ትምህርት ቤቱንም ለመኑልኝ፤ ልመናቸው ሠራና አልተባረርኩም፤ ምርቃቴ ግን በአንድ ዓመት ተገፋ፣ የመስክ ሥራውንም እንደገና ሥራ ተባልኩ።

ቧንቧው ከመንደሩ ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከዓለቱ ጫፍ ሥር እንዲወጣ አደረግሁት። በዚህኛው ጊዜ ቁፋሮው ላይ እርሳስ ጆሮዬ ላይ አልሰካሁም፤ ዶማ ነው የያዝኩት። ውሃው መጣ። እናቴ የመጀመሪያዋን እንስራ ሞልታ ስታዝላት «ይሄን ያህልማ መውረድ ምንም አይደል» አለችኝ። እኔን ለማጽናናት ነው፤ ጉልበቷ አሁንም ደረጃ አይወድም።

ክረምቱን የጋሼ ደበሌን ማሳ ሠራሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ አንድ ጠዋት ሄጄ ጀመርኩ። አላባረሩኝም፣ አላናገሩኝምም። ቀትር ላይ ምግብ በቅጠል አድርገው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡልኛል። ጎመናቸውን ስኮተኩት በሆዴ ሂሳብ እሠራለሁ፦ ያለ አባቴ ማታለል የዳልጮ ዕድል ከሰባት አንድ ነበር፤ ከማታለሉ በኋላ ከስድስት አንድ ሆነ። ልዩነቱ ከመቶ ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም። ትንሽ ነው፣ ኢምንት ነው እላለሁ። ሺህ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አላሳረፈኝም። ከቅሉ ውስጥ የጎደለችው ብጣሽ የኔ ስም ናት።

በ1982 ተመረቅሁ። ለእያንዳንዱ ተመራቂ ሁለት የመግቢያ ወረቀት ይሰጥ ነበር። ለአባቴና ለእናቴ ነው ብዬ ይዤ ወጣሁ። እናቴ የራሷን መልሳ ሰጠችኝ። «ለደበሌ ስጠው» አለች። «እምቢ ይሉኛል» አልኳት። «እምቢ ይበሉህ። አንተ ስጥ።»

እምቢ አላሉም። ከአባቴ ጋር በአንድ የጭነት መኪና ወረዱ፤ ከዱቡሻው ቀን ጀምሮ ቃል አልተነጋገሩም፣ በመንገድም አልተነጋገሩም። አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስሜ ተጠርቶ የምርቃት ወረቀቴን ስቀበል ዞር ብዬ አየሁ፤ አባቴ መሬት መሬት ያያል፣ ጋሼ ደበሌ ግን በእያንዳንዱ በሚጠራው ልጅ ፊት ላይ ዓይናቸውን ያሳርፋሉ፤ አንዱንም አላለፉም። የመጨረሻው ልጅ እስኪጠራ እንደዚያ ነበሩ።

ስንወጣ በተመራቂና በወላጅ ግርግር መሃል ጋሼ ደበሌ ወደ አባቴ ዞሩ። «ኦይታ» አሉ። «ልጅህን ጥራው።»

አባቴ በእጁ ጠቀሰኝ። እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገውም። ቀረብኩ። ያ ተከራይቼ የለበስኩት ጥቁር ካባ ረዝሞብኝ እየረገጥኩት ነው፤ ሊጥለኝ ምንም አልቀረው።

ጋሼ ደበሌ ካባውን ከትከሻዬ ላይ አቃኑልኝ። «ጨረስክ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ ጋሼ።»

«እንግዲህ አንተ ሁለት ሰው ነህ» አሉ። «የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለህ። ዳልጮ ሰነፍ አልነበረም።»

«እሺ» አልኳቸው፣ እንደ ልማዴ፣ ሳልለካ።